ከዱቤ ደብተሬ ጀርባ፦ ለኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ የውኃ ተርብ ቆጠራና ምዝገባ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ከሚባለው ሰፈር ነው። እዚህ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ባሕር ዳር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምር ነበር። አሁን የቀረኝ ደብተር የደንበኞቼ የዱቤ ደብተር ነው። ከፊት ሲከፈት ማን ስንት እንጀራ እንደወሰደና ስንት ሽልንግ እንደቀረበት ይነበባል። ገልብጣችሁ ከኋላ ብትከፍቱት ግን ሌላ ሒሳብ ታገኛላችሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፀሐይ ወይም ደመና፣ ቦታ፣ የታየው የውኃ ተርብ ቀለም፣ ብዛት። ደብዳቤዬ ስለ እነዚህ የኋላ ገጾች ነው።

አጀማመሬን ልንገራችሁ። እንጀራ ጋጋሪ ከሁሉ በፊት ውኃ ታያለች። እዚህ ውኃ በቦቴ ይመጣል፤ ሮቶ ያለው በሮቶ፣ የሌለው በበርሜልና በጀሪካን ይይዘዋል። ሌላው የተለመደ ማጠራቀሚያ ደግሞ ከመሬት በታች ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰነው ቢርካ ነው። ልጆቻችን ሁሉ ኤዶ የሚሏት ሶማሌ ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ክዳን የሌለው አሮጌ ቢርካ አለ። ጉ የሚሉት የዝናብ ወቅት በገባበት አንድ ንጋት የመጀመሪያውን ምጣድ ሳላሟሽ ውኃ ልቀዳ ወደዚያ ሄድኩ። ባትሪ ሳበራ የጣቴን አንጓ የሚያክል፣ የተፈላ ሻይ ቅጠል የመሰለ ነገር በግድግዳው ሲወጣ አየሁ። ከውኃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ጀርባው እንደ ባቄላ እሸት ተሰነጠቀ። ከውስጡ ገና እንደተቦካ ሊጥ የነጣና የለሰለሰ አካል እየተንጠራራ ወጣ። ክንፉ መጀመሪያ ታጥቦ እንደተጨመቀ ነጠላ የተጨማደደ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተዘረጋ፣ ጠራ፣ ጠነከረ። የመጀመሪያዎቹን እንጀራዎች አውጥቼ ስመለስ ፀሐይ ወጥታለች። እርሱም ጥቂት ተንቀጠቀጠና በረረ። ሲሚንቶውን እንደጨበጠ የቀረው ባዶ ቆዳ ነው። ያንን ቆዳ በክብሪት ሳጥን አስቀመጥኩት፤ በደብተሬም ጀርባ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ።

አስተማሪ ሳለሁ የውኃ ተርብ ዕድሜውን በአብዛኛው በውኃ ውስጥ እንደሚያሳልፍ ከመጽሐፍ አንብቤ አስተምሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን በስደት አገር፣ በጎረቤት ቢርካ ነው። በሌላ ቀን አንዱን እጭ በብርጭቆ ከተትኩት፤ ከበርሜል የጨለፍኩትን፣ የትንኝ እጮች የሚራወጡበትን ውኃም ጨመርኩበት። የውኃ ተርብ እጭ የታችኛው ከንፈሩ ከራሱ ስር እንደ ክንድ የሚታጠፍ መያዣ ነው። ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል፤ የትንኝ እጭ ሲጠጋ ያ መያዣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይወረወርና ይይዘዋል። ልጆቼና የኤዶ ልጆች ብርጭቆውን ከበው እያዩ ቁርስ ረስተው ዋሉ።

ስለ ትንኝ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ወባ የምታስተላልፍ የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ታየች፤ በ2016 በቀብሪደሃር ተገኘች፤ ከዚያም በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በአዋሽና በሌሎች የምሥራቅ ከተሞቻችን መኖሯ ተረጋገጠ። እዚህ ሶማሌላንድም ገብታለች። የለመድነው የወባ ትንኝ የገጠር፣ የረግረግና የክረምት ነበር። ይህቺ ግን ከተማ ትወዳለች፤ የምትራባውም በበጋ ጭምር እኛው በምናጠራቅመው ውኃ፣ በሮቶ፣ በበርሜልና በቢርካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ያጠኑ የአገራችን ተመራማሪዎች እጃቸውን የጠቆሙት ወደ እርሷ ነው። ስለዚህ በውኃችን ውስጥ ማን ማንን እንደሚበላ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

በያንጎን ከተማ፣ በምያንማር፣ ነዋሪዎች የተሳተፉበት አንድ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ሰዎች በቤታቸው የውኃ ማጠራቀሚያ የውኃ ተርብ እጭ እያስገቡ የደንጊ ትንኝን ቁጥር በሳምንታት ውስጥ በጉልህ ቀንሰዋል። የተጠቀሙበት ዝርያ ክሮኮቴሚስ ሰርቪሊያ ይባላል። የቅርብ ዘመዱ ክሮኮቴሚስ ኤሪትሪያ በአፍሪካ በብዙ ቦታ የሚታይ ነው፤ ወንዱ ከራሱ እስከ ጭራው ቀይ ነው፤ በደብተሬ «በርበሬ» ብዬ የመዘገብኩት ቀይ እርሱ ይመስለኛል። የውኃ ተርብ የወባ መድኃኒት ነው አልልም። ውኃ መክደን፣ አጎበር መዘርጋት፣ ትኩሳት ሲሰማ መመርመር ይቀድማል። የምለው፣ በየትኛው ውኃ እንዳሉና በየትኛው እንደጠፉ ካላወቅን ጥቅማቸውን መመዘንም አንችልም ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የደብተሬ ገጽ ልውሰዳችሁ። ኤዶ አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ሰማይ ጠቆመችኝ። ከጣሪያው በላይ ቢጫ የውኃ ተርቦች ሳያርፉ፣ ክንፋቸውን ሳያጣድፉ፣ በነፋሱ ላይ እየተንሳፈፉ ያልፋሉ። «ዝናብ ከኋላቸው ነው» አለች። ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም፤ «ብዙ፣ ከመቶ በላይ» ብዬ ጻፍኩ። ዝናቡ በማግስቱ ሌሊት መጣ። ኤዶ ሳይንስ አልተማረችም፤ ያየችው ግን ልክ ነው። ፓንታላ ፍላቬሰንስ የሚባለው ይህ ዝርያ የዝናብ ቀበቶውን ተከትሎ የሚሰደድ ነው። እንቁላሉን ዝናብ ባቆረው ጊዜያዊ ኩሬ ይጥላል፤ እጩም ኩሬው ሳይደርቅ በአርባ ቀን አካባቢ፣ ቢዘገይ በሁለት ወር ገደማ አድጎ ይበርራል። ቻርልስ አንደርሰን የተባለው የባሕር ተመራማሪ በማልዲቭ ደሴቶች ላይ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚደርሱትን መንጋዎች ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው ጽሑፍ ዓለምን አስደነቀ። እነዚህ ነፍሳት ከሕንድ ተነሥተው የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳሉ፤ በትውልድ ቅብብልም ይመለሳሉ ይላል። የደርሶ መልሱ ጉዞ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ይህ ግኝት የተጀመረው አንድ ሰው ከቤቱ ደጅ ያየውን በየዓመቱ ቀን እየጠቀሰ በመጻፉ ነው።

እነዚያ ቢጫዎች ከሼክ ኑር ሰማይ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ? በጅግጅጋ ሜዳ ያልፋሉ? በስንት ቀን ልዩነት? ሐረር ላይ ይታያሉ? ይህን አንድ ባለሙያ በመኪና እየዞረ ሊመልሰው አይችልም። ሀርጌሳ ያለሁ እኔ፣ ቶጎ ውጫሌ ያለ የጉምሩክ ተላላኪ፣ ጅግጅጋ ያለች ተማሪ፣ ሐረር ያለ አትክልተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጻፍነው ሲገጣጠም ግን መልሱ በራሱ ይወጣል። የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀታችን ትንሽ ቢሆንም ዓይናችን ብዙ ነው።

በዚያው በሐረርና በጅግጅጋ መንገድ ወደዚህ ስመጣ የሐረማያን ሐይቅ በአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። ለከተሞች ውኃ ያጠጣ የነበረ፣ ዓሣ ይወጣበት የነበረ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ኖሯል። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ መታየቱን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወዲያውም ጥያቄ መጣብኝ፤ ውኃው ሲመለስ ከፍጡራን ማን ቀድሞ ደረሰ? ማን እስከዛሬ አልተመለሰም? የውኃ ተርብ ክንፍ ስላለው ቀድሞ ከሚመጡት ወገን ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ ግን ንጹሕ ውኃና የዳር ሣር ካላገኘ አይሰፍርም። ስለዚህ የትኛው መጥቶ የትኛው እንደቀረ ማወቅ የውኃውን ጤና እንደ ማንበብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ማይክል ሳምዌይስና ባልደረቦቹ ይህን ወደ መለኪያ ለውጠውታል፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፤ የወንዙ ነጥብ ሲወርድ ወንዙ መታመሙ ይታወቃል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ፀሐይ፣ ትዕግሥትና የሚለይ ዓይን ይበቃዋል።

የጣና ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያመኛል። ልጅ ሳለሁ በደንገሉ መካከል ሰማያዊና ቀይ የውኃ ተርብ እያሳደድን እንውል ነበር። ጭራቸው ላይ ክር እያሰርን ስናስበርራቸው ግፍ መሆኑ አልገባንም። እምቦጭ በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬ አንድ ሰው «እምቦጩ ከመጣ ወዲህ ምን ጠፋ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምንም ልመልስ አልችልም። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አልጻፍኩም። አስተማሪ ሆኜ፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ፣ ሰላሳና አርባ ንቁ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠው፣ ሐይቁ በእግር መንገድ ላይ ሳለ አልጻፍኩም። ለዚህ ነው የምለምናችሁ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እንጀራ ሻጭ ደግሞ ይህን በየወሩ መጨረሻ ታረጋግጣለች፤ ያልተጻፈ ዱቤ አይከፈልም። ከተፈጥሮም ያልጻፍነው ሲጠፋ ከማን ላይ እንጠይቀዋለን?

በጭራሽ አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ ዳውቬ ዳይክስትራ የተባሉት ሁለት የዘርፉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያን የውኃ ተርቦች ዝርዝር አሳትመዋል። መቶ ገደማ ዝርያዎች ይገኙበታል፤ ከአሥር የማያንሱት ከአገራችን ሌላ በየትም አይገኙም። ከእነዚህ አንዷ ኢስክኑራ አቢሲኒካ ትባላለች። ሌላዋ ፕሴውዳግሪዮን ካፊነም ናት፤ ስሟ ከከፋ የተወሰደ ነው። ከእነዚህ ውጭ እዚህ ባለሁበት ምድር ስም የምትጠራም አለች፤ አዙራግሪዮን ሶማሊከም፤ ሲንቲያ ሎንግፊልድ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሳይንስ ያስተዋወቀቻት ናት። አገራችን በስማቸው ውስጥ አለች፤ እኛ ግን ስማቸውን መጥራት አንችልም። በአማርኛ ሁሉም «የውኃ ተርብ» ነው፤ ክንፉን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚያርፈውም፣ ክንፏን በጀርባዋ ላይ ገጥማ የምታርፈው ቀጭኗም። ስም የሌለው ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም ሲሞት አይለቀስለትም።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የዓለምን የውኃ ተርቦች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት መዝኖ ከ6,016 ዝርያዎች 16 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበበት አስታውቋል። ዋናው ምክንያት የረግረግና የሌሎች የንጹሕ ውኃ መኖሪያዎች መጥፋት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የተደራጀ የውኃ ተርብ ማኅበር አለ፤ ጡረተኛውም፣ ፖስታ አመላላሹም፣ ተማሪውም የሰበሰቡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መዝገብ በ2014 ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዶናታማፕ ደግሞ ማንም አፍሪካዊ ፎቶ አንሥቶ ቦታና ቀን ጽፎ እንዲልክ በር ከፍቷል፤ ባለሙያ ዝርያውን ይለይለታል። የሚጠየቀው ገንዘብ አይደለም፤ ተቀባይ ነው።

እናንተ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፀዋት ዘረ መል ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት ሀብታችሁ በገበሬው ጎታ ውስጥ የነበረው ዘር ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው የአገሪቱን የዘር ሀብት በመጠበቃቸው ነው፤ ገበሬውንም እንደ ዘር ጠባቂና እንደ ባለዕውቀት አክብረውታል። ዘሩን ያወቀው ገበሬ ነበር፤ እናንተ ቤት ሰጣችሁት። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በጥር ወር የውኃ ወፎችን ሲያስቆጥር በጎ ፈቃደኞችን ያሰልፋል። ለጤፍና ለገብስ የተደረገው፣ ለፍላሚንጎና ለዳክዬ የተደረገው፣ ለውኃ ተርብም ይደረግ።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በየአካባቢው በብዛት የሚታዩ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዝርያዎችን በሥዕል የሚያሳይ አንድ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አዘጋጁልን። መጽሐፍ አልጠየቅንም፤ በስልክ የሚላክ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል። የአገር ስሞችንም ከሕዝቡ ሰብስቡ። እኔ ቀዩን በርበሬ፣ ቢጫውን ደመና ተከታይ ብያቸዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ስም ያላቸው ሽማግሌዎች በየወንዙ ዳር እንዳሉ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ቀላልና አንድ ዓይነት የአቆጣጠር ሥርዓት አውጡልን። የውኃ ተርብ ፀሐይ ይወዳል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ በዚያው ውኃ ዳር፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ ማየት። ያየነውን ብቻ ሳይሆን ሄደን ምንም ያላየንበትንም ቀን መጻፍ። «ዜሮ» ብሎ መጻፍም መረጃ መሆኑን አስተምሩን። ለልጆች ደግሞ ወደ ኩሬና ቢርካ ያለ አዋቂ እንዳይጠጉ ከመጀመሪያው ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ መዝገቡን የሚቀበል አንድ ሰው መድቡ። የጅግጅጋ፣ የሐረማያና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ፎቶውን እየለዩ ቢያግዙ እነርሱም ይማራሉ፣ እኛም እንታረማለን። ስሕተታችን አያስፈራችሁ፤ ፎቶና የክብሪት ሳጥን ቆዳ ካለ ስሕተት ይታረማል። ያልተመዘገበ ዓመት ግን አይመለስም።

አራተኛ፣ ከድንበር ወዲህ ያለነውን አትርሱን። በሀርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። ደመናውም ነፍሳቱም ከጅግጅጋ ሜዳ ጋር አንድ ናቸው። እዚህ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናት በሥራው ቢጋበዙ፣ ጎረቤቶቼ ከእኔ የበለጠ የሚያዩ ናቸው።

ለእናንተም፣ በሀርጌሳ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ አንድ ቃል አለኝ። ኑሯችን ሩጫ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማታ ደክሞን ነው የምንገባው። ግን ሁላችንም ውኃ እንቀዳለን። ቦቴው ሲመጣ፣ ሮቶው ሲታጠብ፣ ዝናብ ጉድጓዱን ሲሞላ አንድ ደቂቃ ቆም ብላችሁ እዩ። ልጆቻችሁን አስከትሉ። የእኔ ትንሿ ልጅ ባሕር ዳርን አታውቃትም፤ ጣናን በፎቶ ነው ያየችው። የውኃ ተርብ ወንዱን ከሴቷ ለይታ መቁጠር ግን ትችላለች፤ ከአገሯ የሰጠኋት ይህን ትምህርት ነው።

የደብተሬን የኋላ ገጾች ፎቶ አንሥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ጽሑፉ ላይ የሊጥ ጠብታ አለ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቀኖቹ ግን በትክክል ይነበባሉ። የክብሪት ሳጥኖቹንም ወደ አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ከኢንስቲትዩቱ የምጠብቀው «ደርሶናል፤ ቀጥሉ» የሚል አንድ መስመር ነው። ያ መስመር እስኪመጣም ጉ በገባ ቁጥር፣ ምጣዱን ሳላሟሽ፣ ባትሪዬን ይዤ ወደ ኤዶ ቢርካ እሄዳለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

አንዲት የሼክ ኑር እንጀራ ጋጋሪ፣ የቀድሞ የሳይንስ አስተማሪ
ሀርጌሳ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ አዲስ አበባ
በሀርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሙሉ